ለምሳ ያልተነሳው ሬሳ

ሙአዊያ በልብስ መቀየሪያው ድንኳን ውስጥ በጀርባው ተንጋሏል። መቀሱ አንገቱ ውስጥ እስከ እጀታው ገብቷል። በቀላሉ አልሞተም፤ መስተዋቱ ተሰባብሯል፣ ሲከላከል የግራ እጁ ጣቶች እስከ አጥንት ተተልትለዋል፣ ደሙም በሸራው ላይ የሰው ቁመት ያህል ተረጭቷል። ተመልካች እሑድ ማታ በቴሌቪዥን የሚጠብቀው ያ መልከ መልካም ፊት አፉን ከፍቶ ጣራ ጣራውን ያያል።

ኢንስፔክተር ኩልሱም ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆማ ብዙ አየች፤ ምንም አልነካችም።

ውጭ፣ ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሐል፣ የድራማው ሜካፕ ሠሪ ዘሙሩድ እጇ በካቴና ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ይቺ ናት» አለ ለቀረጻው ጥበቃ የተመደበው ሳጅን ዱጋሳ። «መቀሱ የእሷ ነው። ሟች ጠዋት ሰው ፊት በጥፊ መቷታል። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ እጇ በደም ተነክሮ ላዩ ላይ ተደፍታ አገኘኋት።»

«ከጨረስከው እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

«ሕጉ ነዋ፣ ኢንስፔክተር።»

ዘሙሩድ ቀና አለች። «የብሩሾቼን ማጠቢያ ውኃ ላመጣ ሄጄ ስመለስ ነው ያገኘሁት። አንገቱን የያዝኩት ደሙን ላቆምለት ነው። እኔ ስጮህ ዋርዳ ቪዲዮ ታነሳኛለች! ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። እናቴ ወሰን ሰፈር ያለው ሱቋ ውስጥ ሆና እያየችው ነው። ‹የገዳይ እናት› ብለዋታል፤ አሁን ደውላልኝ ነበር።»

«ያየሁትን ነው የለጠፍኩት!» አለች የድራማው መሪ ተዋናይት ዋርዳ፣ ስልኳን ደረቷ ላይ አጣብቃ።

ኩልሱም ዳይሬክተሩን ቢንያምን ለብቻው ወሰደችው።

«ምን ነበር የምትቀርጹት?»

«የሻለቃውን ሞት። ገላው ነው ሻለቃ ሆኖ የሚጫወተው። በጥይት ደረቱን ተመትቶ ሣሩ ላይ ይወድቃል። ግማሹን ቀርጸን ምሳ ወጣን። እኔ፣ ዋርዳና የካሜራ ልጆቹ ሚኒባሱ ጋ አብረን በላን። ሙአዊያ ድንኳኑ ውስጥ ልረፍ ብሎ ቀረ።»

«ገላውስ?»

«ባለበት ጋቢ አልብሰን ተውነው። ከተነሳ የደሙ ቅርጽ ይበላሻል፤ ከፊተኛው ቀረጻ ጋር አይገጥምም። እኛ ጋ ሬሳ ለምሳ አይነሳም።» ብቻውን ፈገግ አለና ወዲያው አፈረ።

ገላው ረጅም ሰው ነው። ደረቱ ላይ የተቀባው ደም አሁንም ቀልቶ ያብረቀርቃል።

«ተኝተህ ነበር?»

«በዚህ ብርድ? ዓይኔን አልከደንኩም። ሲጎራረሱ ሳቃቸው ይሰማኛል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ጉርሻ ይዞ ወደኔ የመጣ የለም። ለነገሩ ለሬሳ ማን ያጎርሳል!»

«ጥሩ» ብላ ኩልሱም ወደ ዋርዳ ሄደች።

«ገላው ያሳዝነኛል» አለች ዋርዳ። «ሙአዊያ ‹ሻለቃው ካልሞተ ውሌን አላድስም› ብሎ ነው ከድራማው ያስወጣው። ምሳ ላይ ሆዴ አልቻለም። የእኛን ሥጋ ስለማይበላ ሽሮ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። ጋቢው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ‹ገልዬ፣ በሞቴ› ብዬ ለመንኩት። ንቅንቅ የለም። አኩርፏል ብዬ ራሴ ጎረስኩት።»

ኩልሱም ጋቢው ወደነበረበት ሣር ሄደች። አጠገቡ የአልባሳት ሻንጣ ተጋድሟል። ጎኑን በጣቷ ነካችው፤ አጣበቃት። ከዚያም ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ሟች ፊት ለፊት ቆሞ ደጋግሞ ወግቷል። ሸራው ላይ የተረጨውን አይታችኋል። እሱም ተረጭቶበታል። የዘሙሩድን ነጭ ሽርጥ እዩ፦ ደም ያለው ጉልበቷና መዳፏ ላይ ብቻ ነው። ሰው ለመርዳት የተንበረከከች ሴት ደም ነው። ታዲያ በደም ተነክሮ መሐላችሁ ሲዘዋወር ማንም ‹ምን ሆንክ?› የማይለው ማን ነው?»

ዓይኖች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞሩ።

«እኔ ጋቢ ውስጥ ነበርኩ» አለ ገላው።

«ጋቢው ውስጥ የነበረው ሻንጣው ነው። ከደረትህ የተላለፈው ቀለም ጎኑ ላይ አለ። ‹ማንም ጉርሻ አላመጣልኝም› ብለህ ቅር ተሰኝተሃል። ዋርዳ አጠገብህ ቁጢጥ ብላ በሞቴ ብላህ ነበር።»

ገላው ወደ ዋርዳ ዞረ። «እ... እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።»

«ዓይኔን አልከደንኩም ብለሃል። ዘሙሩድ፣ ደሙን ከምን ትሠሪዋለሽ?»

«ከስኳር ሽሮፕ፣ ከቀይ የምግብ ቀለምና ከትንሽ ካካዎ። ቢውልም እንደቀላ ይጣበቃል እንጂ አይደርቅም።»

«እጅጌውንስ ቀብተሽዋል?»

«የተመታው ደረቱን ነው። እጅጌው ንጹሕ ነበር፤ ከእረፍት በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ።»

«ቀኝ እጅህን አንሳ፣ ገላው። ደረትህ ቀይ ነው፣ ያጣብቃል። እጅጌህ ግን ጠቁሮ እንደ ካርቶን ደርቋል። የማን ደም እንደሆነ ላቦራቶሪው ይነግረናል።»

ገላው እጁን አላነሳም። የካሜራውን ባለሦስት እግር ብረት መንጭቆ ወደ ኩልሱም ወረወረው። ዱጋሳ መሐል ገባ፤ ብረቱ ቅንድቡን ሰነጠቀው። ሳጅኑ ደም ፊቱን እየሸፈነው ገላውን በሆዱ መሬት ላይ ደፋው፤ በጉልበቱ ጀርባውን ተጫነ። የገላው አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

«እሱ ነው ቀድሞ የገደለኝ!» ጮኸ ገላው አፉ አፈር ሞልቶ። «ወሰን ሰፈር ስወርድ ሕፃኑ ሁሉ ‹ሻለቃ!› ይለኛል። ከነገ ወዲያ ማን ነኝ? ‹አስቀሩት በላቸው› ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ሳቀብኝ! ‹ሬሳ አያወራም፣ ሂድ ተኛ› አለኝ!»

ዱጋሳ ካቴናውን ከዘሙሩድ እጅ ፈትቶ ለገላው አጠለቀለት።

«በቃ፣ ነፃ ነሽ» አላት።

ዘሙሩድ የቀላ አንጓዋን አላሸችም። «እጄ ተፈታ። ስልኩ ውስጥ ያለው እጄስ?»

ዋርዳ አንገቷን ደፍታ «አጠፋዋለሁ፣ አሁኑኑ» አለች።

«አጥፍተሽው ምን ሊሆን? ያየው አይቶታል።»

ዱጋሳ ቅንድቡን በመሐረብ ተጭኖ ዋርዳ ፊት ቆመ።

«አንሺኝ» አለ። «ያሰርኳት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ሙሉ ስሟን ንገሩኝና ልናገር።»

«ዘሙሩድ ሀሚድ» አለች ዘሙሩድ፣ ቀስ ብላ።

ዋርዳ ስልኳን ከፍ አደረገች።