ሁለት ጌጆች በጠራራ ፀሐይ

የሾፌሩ የወንዳፈረው ሬሳ የተገኘው ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ራሱ ይነዳው በነበረው አሮጌ ቫን አፍንጫ ሥር ነው። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ የራዲያተሩ ክዳን መሬት ላይ ወድቋል። ፊቱ በፈላ ውሃ ተገሽልጧል፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል።

መርማሪ አጅዋንግ ሲጠራ ወባ ጥሎት ነበር። መቼም ወባ ለመንግሥት ሥራ ደንታ የለውም፤ የመንግሥት ሥራም ለወባ ደንታ የለውም። ጋምቤላ፣ ያኔ ክልል አሥራ ሁለት የሚባለው፣ ገና አዲስ ክልል ነው፤ ቢሮና ማኅተም አለው፣ ፖሊሱ ግን መኪና የለውም። ስለዚህ አጅዋንግ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ፣ ሟቹ ይሠራበት ከነበረው የእርዳታ ድርጅት ሌላ መኪና ለምኖ ሬሳውን አይቶ ተመለሰ።

ሲመለስ ነገሩ ያለቀ መስሏል። አዛዡ የቫኑን መካኒክ፣ ቶሚን፣ አስሮታል። እሱም አምኗል። የቫኑ ዳሽቦርድ ላይ ካሉት ጌጆች፣ ማለትም ከነዳጅና ከሙቀት መለኪያዎቹ፣ አንዱ አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ እየሞተ ያስቸግር ነበር፤ ቶሚ ወንዳፈረው ወደ ኢታንግ ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን «ሠርቼዋለሁ» ብሎ አስረክቧል። እንግዲህ ጌጁ ሞቶ፣ ሞተሩ መጋሉን ሾፌሩ ሳያውቅ፣ ክዳኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ወርውሮት ድንጋይ ላይ ወደቀ፤ የአዛዡ ሐሳብ ይኼ ነው። መዝገቡ ሰኞ ለፍርድ ቤት ይላካል። አጅዋንግም ፈርሞ ቢተኛ በወደደ።

ግን በጣቢያው በር ላይ የቶሚ ሚስት አባንግ ምሳውን ይዛ ተቀምጣለች። ከታሰረ ጀምሮ አልበላላትም። አጅዋንግ እህሉን ራሱ ተቀብሎ ገባ።

ቶሚ ከዲማ ወርቅ ቁፋሮ ተስፋ ቆርጦ ጋምቤላ ሲመጣ የተቀበለው፣ ያስጠለለው፣ ሥራ ያስገባው ወንዳፈረው ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ወንድም ኖሩ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ ቶሚ። «ሥራዬን አምኖ ነው የሄደው። ጽጌ ለቀብሩ እንዳልመጣ ላከችብኝ። ልክ ናት።»

ጽጌ የሟቹ ሚስት ናት።

«ጌጁን እንዴት ነበር የሠራኸው?»

«እርጥበት ነው ብዬ ሽቦዎቹን በሙሉ አደረቅሁ። የሙቀቱ ጌጅ ማሳ፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ፣ የሚታሰርበት ብሎን ዝጎ ተበጠሰብኝ። አውጥቼ ከነዳጁ ጋር አንድ ብሎን ላይ አሰርኳቸው። ምናልባት በደንብ አላጠበቅኩት ይሆናል።»

አጅዋንግ «እሺ፣ ብላ» ብሎት ወጣ። ቶሚ አልበላም።

ቀጥሎ ያገኘው ፒተርን ነው። ፒተር ያንን ቫን ለዓመታት ሲነዳ ቆይቶ፣ ለወንዳፈረው ስጥ ተብሎ ተቀይሞ ነበር። ቅያሜውን አልደበቀም። ወንዳፈረው በሞተበት ቀን ግን ጋምቤላ፣ ቤተክርስቲያናቸው ውስጥ በነበረ ሠርግ ከበሮ ሲመታ ውሏል፤ ግማሹ ከተማ ምስክሩ ነው። ስለ ጌጁ ሲጠየቅ ሳያመነታ መለሰ።

«የነዳጁ ብቻ ነው የሚሞተው። የሙቀቱ ዋሽቶ አያውቅም። የነዳጁ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ይሞታል፣ ዝናብ ሲያቆም ይነሣል። ውሃ ይገባል ማለት ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናውቀው።»

«ማታስ?»

ፒተር ሳቀ። «ማታ በዚያ መንገድ ማን ይነዳል? ሳይመሽ ገብቶ ማቆም ነው።»

ቫኑ ውስጥ ከሟቹ ጋር የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ በኢታንግ የድርጅቱን የመድኃኒት መጋዘን የሚጠብቀው አቶ ኤልናታን። ረጋ ያለ፣ ሸሚዙን ሳይተኩስ የማይወጣ ሰው ነው። እንባው እየመጣ ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ከኢታንግ ወጡ፤ ሞተሩ ፈላ፤ ወንዳፈረው ወርዶ ክዳኑን ከፈተ፤ የሆነው ሆነ። መኪና ስላላለፈ ሬሳውን ጥሎ ላለመሄድ እዚያው አድሮ፣ ጠዋት በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ አመለከተ።

«ጌጁ ምን ሆኖ ነበር?» አለ አጅዋንግ።

«ነዳጁም ሙቀቱም፣ ሁለቱም ቀስቶች አንድ ላይ ዱብ አሉ። ምስኪን፣ በቡጢ ቢመታው ቢመታው እምቢ አለው። ያ መካኒክ እግዜር ይይለት።»

«ዝናብ ነበር?»

«ኧረ ምን ዝናብ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።»

አጅዋንግ አመስግኖት ሄደ። ትኩሳቱ ተመልሶበት ስለነበረ ሆስፒታል ጎራ ማለቱ አልቀረም፤ ክኒኑን የሰጠችው ነርስ ናዝሬት ናት፤ ሬሳውን ያየችውም እሷው ናት። ለአዛዡ ተናግራ «አንቺ ሐኪም አይደለሽም» ተብላ ዝም አለች እንጂ አንድ ነገር ሆዷን በልቷታል።

«ቆዳው ተልጧል፣ ግን አልቀላም፣ ውሃም አልቋጠረም» አለችው። «በሕይወት ያለ ሰው ሲቃጠል እንደዚያ አይሆንም። ውሃው የፈሰሰበት ከሞተ በኋላ ነው።»

አጅዋንግ ክኒኑን ያለ ውሃ ዋጠው። ደከመው፤ ግን አሁን መተኛት እንደማይችል ገባው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ቶሚን ከነካቴናው ጎኑ አስቀምጦ ቫኑን ነዳው። ራዲያተሩን ሞልተውታል። በጉድጓድ በጉድጓዱ አነጠረው፤ ጌጆቹ ደህና ይሠራሉ፤ ቀስቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ዳሽቦርዱን በቡጢ ደበደበው፤ ምንም የለም። ከጀሪካን ውሃ ቀድቶ ከዳሽቦርዱ ኋላ ሽቦዎቹ ላይ አፈሰሰ። ቶሚ እንኳ ሐዘኑን ረስቶ «ኧረ ምን እያደረግህ ነው?» አለው። ቀስቶቹ ግን ከቦታቸው አልወረዱም። የእርጥበቱ ነገር አበቃለት።

አጅዋንግ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጎ አሰበ። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሾፌር ምን ያደርጋል? መስኮት ይዘጋል። ዘጋ፤ ምንም። መጥረጊያውን ያስነሣል። አስነሣ፤ ምንም። ሰማዩ ሲጠቁርበትስ መብራት ያበራል።

አበራ። ሁለቱም ቀስቶች አንድ ላይ ዜሮ ላይ ወደቁ።

አጠፋ፤ ተነሡ። አበራ፤ ወደቁ። ከዳሽቦርዱ በታች ገብቶ ብሎኑን በጣቱ ሲነካው ተወዛወዘ፤ የዳሽቦርዱ አምፖሎች ማሳም የታሰረው እዚያው ነው፤ መብራት ሲበራ የላላው ብሎን ሁሉንም መሸከም አልቻለም።

ቶሚ ፊቱን በታሰሩ እጆቹ ሸፈነ። «የእኔው ብሎን ነው» አለ። «አላልኩህም?» አጅዋንግ መልሱን ያውቀው ነበር፤ ግን ትኩሳቱ ሁለቴ ለመናገር አቅም ስላልተወለት፣ ሰው ሁሉ ባለበት አንዴ ብቻ ሊናገረው ወሰነ። «ነገ» ብቻ አለው። ቶሚ ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፋት እግዜር ያውቃል፤ በዚህስ አጅዋንግ ጨክኗል።

እሑድ ሁሉም በድርጅቱ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ፤ አዛዡ፣ ናዝሬት፣ ፒተር፣ ኤልናታን፣ ቶሚና አባንግ። ጽጌ ጥቁሯን ለብሳ ከቶሚ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። ቫኑ መሐላቸው ቆሟል።

«አቶ ኤልናታን» አለ አጅዋንግ፤ «ጌጆቹ ሲወድቁ መብራት በርቶ ነበር?»

«በጠራራ ፀሐይ ማን መብራት ያበራል?»

«ማንም። ይቺን ያዙልኝ።» አጅዋንግ ሞተሩን አስነሣና ሁሉም በየተራ እንዲያዩ አደረገ። መብራት ሲጠፋ ጌጆቹ ይነሣሉ፣ ሲበራ ይወድቃሉ። «ነገሩ ዝናብ አልነበረም። እኛ እዚህ አገር በጨለማ አንነዳም፤ መብራት የምናበራው ከባድ ዝናብ ሲያጠቁረው ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመት ሙሉ ዝናቡን ከሰስን።»

«ያ እኮ አሮጌ ብልሽት ነው» አለ ኤልናታን። «ሁሉም ያውቀዋል።»

«ሁሉም የሚያውቀው የነዳጁን ብቻ ነው። የሙቀቱ ዋሽቶ አያውቅም፤ ፒተር ይመስክር። ሁለቱ አንድ ላይ መውደቅ የጀመሩት ቶሚ አንድ ብሎን ላይ ካሰራቸው በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ወንዳፈረው ቫኑን የነዳው በፀሐይ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲወድቁ ሊያይ የሚችል በጨለማ መብራት አብርቶ የነዳ ሰው ብቻ ነው። አንተ ግን ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ቆምን፣ እዚያው አደርን ብለሃል።»

ኤልናታን የተተኮሰ ሸሚዙን እጅጌ ማስተካከል ጀመረ።

«ናዝሬት ደግሞ ውሃው የፈሰሰው ሬሳ ላይ ነው ትላለች። ወንዳፈረው የሞተው ኢታንግ፣ አንተው ጋ ነው። ሲመሽ ጭነኸው መጣህ። ጌጆቹ ዓይንህ ሥር ሲወድቁ፣ በማን ላይ እንደምታላክክ እነሱ ነገሩህ። ክዳኑን ከፍተህ፣ የፈላውን ውሃ ፊቱ ላይ አፈሰስክ።»

ኤልናታን አልጮኸም፣ አልካደም። የወባ መድኃኒቱን እያወጣ ለነጋዴ ሲያሳልፍ ወንዳፈረው እንደደረሰበት፣ እናገራለሁ ብሎ ጀርባውን ሲሰጠው በክሪኩ ዘንግ እንደመታው በዝግታ ተናገረ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለ፤ ያ የሚያቀልለት ይመስል። አዛዡ ራሱ ይዞት ሄደ።

አጅዋንግ የቶሚን ካቴና ፈታለት። ቶሚ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ብሎኑን እኮ አላጠበቅኩትም፣ ጽጌ» አለ።

ጽጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው።

«አላጠበቅከውም» አለች። «እኔም የአንድ ሰው አፍ ሰምቼ ከቀብሩ ከለከልኩህ። አንተ ሳታለቅስለት ነው የተቀበረው፣ ቶሚ። አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው። ተነሥ፣ ድንኳኑ አልፈረሰም።»

ቶሚ ተነሣ። አባንግ በአንድ በኩል፣ ጽጌ በሌላ በኩል ሆነው ከግቢው ወጡ፤ መንገዱን ሳይጨርሱ «ወንድሜን!» እያለ ሲጮህ ተሰማ። አጅዋንግ ማንጎው ሥር ቁጭ ብሎ፣ ድምፁ ድንኳኑ ውስጥ ካሉት ለቅሶኞች ድምፅ ጋር እስኪቀላቀል አዳመጠ።