የሐይቁ ዋጋ ጠያቂ

የሐይቁ ዋጋ ገማች ሬሳ ማለዳ ከጀልባ ማቆሚያው ሥር ተገኘ፤ ግንባሩ ላይ ቁስል ነበረበት። ረፋድ ሳይሆን ፖሊሶች የሚስቱን ወንድም፣ ጀልባ ቀዛፊውን፣ ያዙት። ትናንት ሁለቱ ሐይቁ መሀል ጀልባ ላይ ሆነው እጃቸውን ሲያወራጩ ከዳር ታይተዋል፤ ምን እንደተባባሉ ግን የሰማ የለም።

የሟቹ ሥራ እንግዳ ነበር፣ ልጆቼ። ፋብሪካ ቆሻሻውን ሐይቁ ውስጥ ይልቀቅ ወይስ ይከልከል የሚለው የሚወሰነው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። ለዚህም ገማቾቹ ቤት ለቤት እየዞሩ «ሐይቁ ንጹሕ እንዲቆይ በዓመት ስንት ትከፍላላችሁ?» ይላሉ። ገበያ የማይወጣ ነገር ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ነው አሉ፤ ድምሩ ካነሰ ፋብሪካው ይፈቀድለታል።

መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «እትዬ ዝግታ» ይሏታል፤ አትቸኩልም፣ አትረሳምም። በሟቹ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አርባ አርባ የመልስ ቅጽ የያዙ ሁለት ጥራዞች አገኘች። አንዱን የሞላው ሟቹ ነው፤ ሌላውን ረዳቱ። አርባ ቤት በሁለት ቀን ስለጨረሰ «ፈጣኑ» የሚል ስም የወጣለት ሰው ነው።

በመጀመሪያ እሱን ጠራችው።

«ሟቹን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ። ትናንት አሞኝ ከቤት አልወጣሁም።»

«ቀዛፊው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሞገደኛ ነው፣ እትዬ። ዋጋ ሲጠይቁት 'የጠባኸውን ጡት ስንት ትገምተዋለህ' የሚል ሰው ምን ይባላል?»

«አንተንም እንዲህ አለህ?»

«ኧረ ለእኔስ ቁጥሩን በሰላም ነው የሰጠኝ።»

አሰናበተችው። ከዚያ ቀዛፊውን አስመጣች። እህቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ በካቴና ሲያልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባሏንም ወንድሟንም በአንድ ቀን ልታጣ ነው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«አማቼ ጀልባዬ ላይ ወጥቶ 'ሐይቁ ስንት ያወጣል?' አለኛ። 'የጠባኸውን ጡት ስንት ትገምተዋለህ?' አልኩት። 'ቅጹ ላይ እኮ ዋጋ ተናግረሃል' ሲለኝ ደሜ ፈላ።»

«ይህን የጡቱን ነገር ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው ብለኸው ታውቃለህ?»

«ከዚያ በፊት ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ከዚያ በኋላም ለማንም አላወራሁ። በአማቼ ተናድጄ ለማን ልናገር?»

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የቢሮውን ኃላፊ «ገማቹ ለምን ወደ ቀዛፊው ሄደ?» አለችው።

«ረዳት ከጠየቃቸው አሥር ቤቶች አንዱን ተመልሶ መጠየቅ ደንባችን ነው።»

«ደግሞም ጠርጥሯል» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ራሱ ከሞላቸው አርባ ቅጾች ዘጠኙ 'እምቢ አለ'፣ 'ሰደበኝ'፣ 'ውሻ ለቀቀብኝ' ይላሉ። ሰው የሚወደውን ነገር ዋጋ አውጣ ሲሉት ይቆጣል። በፈጣኑ አርባ ቤት ግን አንድም የተቆጣ የለም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቁጥር ሰጥተው አርፈዋል።»

«ጨዋ ሰው ቢገጥመኝስ?» አለ ፈጣኑ።

«አርባ ቤት ሙሉ ጨዋ ያለበት ሰፈር ካገኘህ እኔም ቤት ልከራይበት። አንተ ቤቶቹን አልረገጥካቸውም፤ ቁጥሩን ከራስህ ነው ያወጣኸው። በዚያ ቁጥር ደግሞ ሐይቁ በርካሽ ይሄድ ነበር።»

«እሺ፣ ሰነፍኩ። ስንፍና ነፍስ መግደል ነው?»

«የጡቱን ነገር የሰሙት ጀልባዋ ላይ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንተ ስትነግረኝ እኔም ገና ከቀዛፊው አልሰማሁም ነበር። እሱ ካልነገረህ የነገረህ ሟቹ ነው፤ ከጀልባው ከወረደ በኋላ፣ ትናንት። ከቤት አልወጣሁም ያልከው ቀን።»

ፈጣኑ «ማቆሚያው ላይ አስጠራኝ» አለ። «'ጠዋት ለኃላፊው እናገራለሁ' ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ገፋሁት። ግንባሩ ከማቆሚያው ግንድ ጋር ተጋጨና ውሃው ውስጥ ወደቀ። ውሃው እኮ እስከ ወገብ ነው፤ ገብቼ ላወጣው እችል ነበር። ቆሜ አየሁት።»

ኃላፊው የፈጣኑን ጥራዝ አንስቶ ውሳኔው እንዲዘገይ ሊጠይቅ ወጣ። የቀዛፊው ካቴና ተፈታ። እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ እህቱን ቀና ብሎ ማየት ፈራ።

እሷ ተነሥታ መጣችና የተላጠ የእጅ አንጓውን ያዘችው።

«ጀልባህን አውጣ» አለችው። «ቤታችን ማዶ ነው። ባሌን የምታሻግርልኝ አንተ ነህ።»