ቅመሜ ለአያቷ ያፈላችው ቅጠል

ቅመሜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደጁ ላይ ጠባብ የአበባ መደብ ባለው ቤት ከእናቷና ከአያቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ጎረቤቱ ሁሉ ልጅቷን ቅመሜ ይላታል። እሷም ቅጽል ስሙ ልቧን ነፍቶት፣ ያስነጠሰውን ሁሉ «ሂድ ተኛ!» እያለች ታዝ ነበር። ወይ ጉድ!

መደቡ ላይ ደወል የመሰለ ሐምራዊ አበባ አለ። እናቷ አንድ ቀን፣ «የአባባ የልብ ኪኒን የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነቱ አበባ ቅጠል ነው። ግን እንዳትነኪው፣ መርዝ ነው!» አለቻት። ቅመሜ የመጀመሪያውን ያዘች። ሁለተኛው በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት እናቷ፣ «የአባባ ኪኒን አልቋል። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ እኔ ጋ መጥተሽ ውሰጂ» አለቻት። ቅመሜ ግን ገመድ ስትዘል ረሳችው። ቤት ስትገባ አያቷ ጠየቋት።

«መድኃኒቴን አመጣሽልኝ?»

«አዎ፣ አባባ!»

ኧረ በስመ አብ፣ ምን ዓይነት ውሸት ነው! አሁን ከየት ታምጣ? አበባው ትዝ አላት። ቅጠሉን ቀነጠሰች፣ አፈላች፣ ስኳር ጨመረች።

«ዛሬ የሚጠጣ ነው የሰጡኝ» አለች።

አያቷ ግማሹን ጠጡ። «እንዴት ይመራል!» አሉ።

ብዙም አልቆዩ፣ ያስመልሳቸው ጀመር። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ልጄ፣ ሁሉ ነገር ቢጫ ቢጫ ሆነብኝ» አሉ። ቅመሜ እየጮኸች ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ጠራች። ሴትዮዋም በታክሲ ሐኪም ቤት አደረሷቸው።

«ምን ቀመሱ?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ እንጃ፣ ምሳቸው አልተስማማቸው ይሆናል» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ቅመሜ መውጫ ቀዳዳ አገኘች። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ሐኪሟም የሆድ መድኃኒት ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች። አያቷ ግን በደከመ እጃቸው የቅመሜን እጅ ያዙና፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አትደንግጪ» አሏት።

እሳቸው እየሞቱ እሷን ያጽናናሉ! ቅመሜ አልቻለችም።

«ምሳው አይደለም! አበባውን አፍልቼ አጠጣኋቸው! ዋሽቼ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሐኪሟ ብድግ አለች። «የትኛውን አበባ? ቶሎ!» ቅመሜ እያለቀሰች ነገረቻት። ሐኪሟም ሮጣ ትክክለኛውን ማርከሻ አመጣች።

እናቷ እየበረረች ስትደርስ ወሬውን ሰምታ ግድግዳውን ተደገፈች። «ኪኒኑ እኮ በሚዛን የተለካ ነው! ቅጠሉን ማን ለካልሽ?» አለች።

አያቷ በሦስተኛው ቀን ቀና አሉ። ቅመሜ እግራቸው ሥር ወድቃ፣ «አባባ፣ ይቅር በሉኝ» አለች።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፤ እኔማ ያኔ አፍሽን ስትከፍቺ ይቅር ብዬሻለሁ። ያተረፈኝ እውነቱን መናገርሽ ነው» አሏት።

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን በውሸት አትሸፍኑ፤ ብትፈሩም እውነቱን ቶሎ ተናገሩ።