ወንድሜ የሚሸምንበት ጉድጓድ

ማመን ያልፈለገ እዚህ ላይ ያቁም፤ አልቀየመውም። እኔም ሰው ቢነግረኝ «ሂድ ወዲያ!» ነበር የምለው። ግን በዓይኔ ያየሁት ነው... ማርያምን!

ጊዜው አምና ጥቅምት። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ጸሐይዋ ፍንትው ብላለች። በሌሊት ብቻ ነው የሚያስፈራው ያለ ማነው?

ቦታው ይጁቤ፣ የአባታችን ቤት።

ማንጠግቦሽ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ሹሩባ እሠራለሁ። አፌ አያርፍም። ታላቅ ወንድሜ እንዳላማው ግን ዝምተኛ ሸማኔ ነበር። እናትም አባትም የሌለኝ ሰው ነኝ፤ እሱ ነበር ያለኝ።

ሸማኔ ሲሠራ አይታችሁ እንደሆነ... መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ይከታል። መርገጫው ያለው እዚያ ነው። የኛን ቤት ጉድጓድ አያታችን ነው የቆፈረው፤ ያውም አለት ፈልፍሎ። እሱ እዚያ ሲሸምን ኖረ። አባታችንም እዚያው። ሁለቱም እየሳሉ ሞቱ።

እኛ «የጥጥ ብናኝ ነው» ብለን አለቀስን፣ ቀበርን።

ክረምቱ ሲገባ እንዳላማው መሳል ጀመረ።

የአባቴን ሳል አውቀዋለሁ። ቶሎ ቶሎ ይስልና ጸጥ ይላል... ከዚያ አንዴ በረጅሙ ትንፋሹን ይስባል። ልጠይቀው ይጁቤ ሄጄ የእንዳላማውን ስሰማ ክው አልኩ። ያው ነበር። ቁርጥ የአባዬ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

ጎረቤቴ ገዳሙ ፊዚክስ አስተማሪ ነው። የሚስቱን ጸጉር እየሠራሁ ይህንን ሳወራ ሰማኝ።

«ቤቱ አለት ላይ ነው?»

«አዎ።»

«መስኮት ይከፈታል?»

«ኧረ የምን መከፈት! ነፋስ ከገባ ድሩ ይደርቅና ይበጣጠሳል። ከአያቴ ጀምሮ በጨርቅ ተወትፎ ነው የኖረው።»

ፊቱ ተለወጠ።

«ሬዶን የሚባል ጋዝ አለ» አለኝ። «ከአለት ውስጥ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ጨረር አለው። የተዘጋ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል... ለዓመታት ሲተነፍሱት የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።»

እኔ ጨረር ራጅ ቤት ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

«ሁሉም አለት እንዲህ ነው?»

«አይደለም። ለክቶ ማየት ነው።»

ይጁቤ ይዞኝ ሄደ። ጋዙን የምትለካ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተዋሳት እጅ የምታክል ነጭ መሣሪያ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጦ አሳደራት። በነጋታው፣ ያልኳችሁ ሰዓት ላይ፣ እንዳላማውን ውጭ ጸሐይ ላይ አስቀምጠን ሁለታችን ገባን።

ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ገዳሙ «ብዙ ነው... በጣም ብዙ ነው» አለ።

ከዚያ ቁጥሩ ወረደ። ወጣ። ወረደ።

ገዳሙ ክንዴን ያዘኝ።

«እንዲህ አይሆንም» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ይህ መሣሪያ በሰዓት አንዴ ነው ቁጥር የሚቀይረው...»

ጎንበስ ብለን አየነው። ይወጣል... ይወርዳል... ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ከፍ ዝቅ እንደሚለው።

ውጭ እንዳላማው ሳለ።

ቁጥሩ ቀጥ አለ።

ሳሉ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። እንዳላማው በረጅሙ ትንፋሹን ሲስብ፣ ቁጥሩም አብሮት ወጣ። ሞቅ ያለ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ዳሰሰኝ። ነጠላዬን ጥዬ ነው የወጣሁት!

የእንዳላማው እግር ላይ ወደቅኩ።

«ወንድምዓለም፣ በሞቱት ይዤሃለሁ፣ ከዚህ ቤት ውጣ! እኔ ጋ እንሂድ!»

«አንቺ ደግሞ... የት ሄጄ ምን ልበላ?»

«እኔ አበላሃለሁ!»

ገዳሙ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ማንጤ፣ እዚያ ውስጥ ስገባ እግሬን የሚይዘኝ አለ።»

«ምን?»

«አያምም። ቀስ አድርጎ ነው። ልጅ ሳለሁ አባዬ መርገጫውን ሲያስለምደኝ እግሬን እንደሚይዘኝ... እሱ ነው መሰለኝ። እንዴት ጥዬው ልሂድ?»

አቅፌው አለቀስኩ።

ሕመሙ ሲበረታ ግን እሺ አለኝ። ደብረ ማርቆስ አመጣሁት። ሐኪሙ የራጁን ፊልም አይቶ፣ እኔን ብቻ ወደ ጎን ጠራኝ። ሳንባው አልቋል፤ ዘግይተናል።

ቢሆንም መስኮቶቼን ሁሉ በረገድኳቸው። ብርዱ ይግባ! ወንድሜ ንጹሕ አየር ይተንፍስ! ግንበኛው መሳፍንት ጉድጓዱን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈነልን። ቆሜ አስደፈንኩት፤ አንድ ቀዳዳ አላስቀረሁም።

ከይጁቤ ስመለስ እንዳላማው ነቅቶ ይጠብቀኛል።

«ተደፈነ?»

«ተደፈነ። ተገላገልን።»

«አባዬስ?»

«አባዬስ ምን?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ እህል በወጉ አልቀመሰም። እየመገብኩት ከንፈሩን ገጠም ያደርጋል። አንዳንዴ ብርድ ልብሱ ስር እግሮቹ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይነሣል። «እንቅልፍ ነው» እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።

አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሱቁ ደጄ ላይ ነው። ተመለስኩ።

አልጋው ባዶ ነው።

እንዳላማው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን አልጋው ላይ አስደግፏል። ዓይኑ ተከድኗል። እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው።

እግሮቹ ግን... እስከ ጉልበቱ ወለሉ ውስጥ ነበሩ።

የኔ ቤት ወለል ሴራሚክ ነው። አልተሰነጠቀም። አልተነሣም። ውሃ ውስጥ እግሩን የነከረ ሰው ነበር የሚመስለው።

ዳቦው ከእጄ ወደቀ። በብብቱ ይዤ ጎተትኩት። አልመጣ አለኝ። ደግሜ ጎተትኩ። ወደ ታች ሳብ አደረገኝ...

ያኔ ጮህኩ።

«አባዬ! ልቀቀው! በቃው! እኔስ? እኔ ማን አለኝ?»

ወደ ታች የሚስበው ነገር ቆመ።

ከዚያ ተለቀቀ። አብሬው ወደ ኋላ ወደቅኩ፤ ጭንቅላቱ ደረቴ ላይ አረፈ። ወንድሜ ቀዝቅዟል። ሞቷል። የገዛ ልጄ ይመስል እያወዛወዝኩት ስሙን ጠራሁ፣ ጠራሁ...

እግሮቹን ያየሁት ቆይቼ ነው።

በጋቢ ተጠቅልለዋል። እኔ ቤት እንዲህ ያለ ጋቢ የለም። አዲስ፣ ነጭ፣ ለስላሳ። እናት ሕፃኗን እንደምትጠቀልለው ጥብቅ ተደርጎ ነው የተጠቀለለው።

ጋቢው አላለቀም ነበር። ያልተሸመነው ድር ከጫፉ ተንጠልጥሎ፣ ሴራሚኩ ውስጥ ገብቷል።

ክሩ ቀስ እያለ... ገና የሚሸምነው ሰው እንዳለ ሁሉ ወደ ታች ይሳባል።