ቄሱና ካህኑ ልጃቸው

በዮርክሽር ኮረብታዎች መካከል፣ ከሰው ይልቅ በግና ነፋስ በሚበዛበት በስካርዴል ሸለቆ፣ የቄስ ጀርቬዝ ሆልሮይድን ቤት የማያውቅ አልነበረም። አያታቸው የስካርዴል ቄስ ነበሩ፤ አባታቸውም እንደዚያው፤ ከዚያ ደግሞ እሳቸው። ለዚያ አገር ሰው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እምነት እንደ አጥሩ ድንጋይ ነበር፤ ማን እንደካበው የሚጠይቅ፣ ልናደው የሚል አልተወለደም። ቄስ ጀርቬዝ ረጅም፣ ድምፃቸው ጎርናና፣ ደግ ሰው ነበሩ። ድኻ ታመመ ሲባሉ ጭቃና ዝናብ አያግዳቸውም። ነገር ግን አንዴ “አይሆንም” ካሉ በሬ ስቦ አይመልሳቸውም። ሚስታቸው ወይዘሮ ዶርካስ ሳቂታ ነበሩ፤ የባላቸውን ግትርነት በጨዋታ እያለዘቡ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል። እግዚአብሔር ሁለት ልጆች ሰጥቷቸዋል፤ ኦስወልድንና ታናሽ እኅቱን ሌቲስን።

ኦስወልድ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ባልዲ ደፍቶ እሱ ላይ ይቆምና ለእናቱ ዶሮዎች ይሰብክ ነበር። “ንስሐ ግቡ! ትናንት እንቁላል ያልጣላችሁ ሁሉ ንስሐ ግቡ!” ቄስ ጀርቬዝ ከአጥሩ ጀርባ ተደብቀው እየሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁና “ዶርካስ፣ ይሄ ልጅ ከእኔ የበለጠ ቄስ ይወጣዋል!” ይሉ ነበር። አዎ፣ ወጣው! ግን ወዮ… እሳቸው እንዳሰቡት አልነበረም።

ግሪኩንና ላቲኑን ራሳቸው አስተምረው ኦክስፎርድ ሰደዱት። እዚያ በጥንት አባቶች መጻሕፍት ላይ ተደፍቶ ሲያነብ፣ በጸሎት ሲተጋ፣ የልጁ ልብ ቀስ በቀስ ወደ ሮም ቤተ ክርስቲያን ዞረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከራሱ ጋር ታገለ፤ ለማንም አልተናገረም። በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 በጸደይ፣ በአባቱ ቤተ ክርስቲያን ክህነት ሊቀበል አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ስካርዴል መጣ። እናቱ የክህነቱን ነጭ ልብስ በገዛ እጃቸው ሰፍተው ወንበር ላይ ዘርግተውት ነበር። ምሳ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ኦስወልድ ልብሱን አየና ሳህኑን ገፋ አደረገ።

“አባባ፣ ክህነቱን አልቀበልም” አለ።

“ምን ሆነህ? ታመምክ?”

“አልታመምኩም። ካቶሊክ ልሆን ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ደግሞ በዚያው ካህን እሆናለሁ።”

ሌቲስ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቄስ ጀርቬዝ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ግን የገዛ ፊታቸው አመድ መሰለ።

“እኔ ያጠመቅሁህ ጥምቀት አልበቃህም? አያትህ፣ ቅድመ አያትህ ሲሰብኩ የኖሩት ውሸት ነው?”

“አላልኩም፣ አባባ። እግዚአብሔርን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ሲጠራኝ አልሰማሁም ልበል?”

“የጠራህ እግዚአብሔር አይደለም፤ ትዕቢትህ ነው!”

“ጀርቬዝ፣ ተው…” አሉ ወይዘሮ ዶርካስ።

“አንቺ አትግቢ! ስማ ልጅ፤ ወይ ተሳስቻለሁ ብለህ ተቀመጥ፣ ወይ ከቤቴ ውጣ። ሦስተኛ የለም።”

ኦስወልድ ተነሥቶ የአባቱን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ፤ ቄሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። እናቱን ሳመ፤ እኅቱን ሳመ፤ ወጣ። ቄስ ጀርቬዝ በሩን ከኋላው ዘጉና ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ አስደግፈው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ከፍተው ቢጠሩት ምን ነበረበት? ከበሩ እስከ አጥሩ ሃያ እርምጃ አይሞላም! ግን ሰው በልቡና በኩራቱ መካከል ሲቆም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው የቱ ነው?

የስካርዴል ሰው አፍ አልቦዘነም። “ቄሱ የሰውን በግ ሲጠብቁ የራሳቸው በግ ሮም ገባ” ይል ነበር ሥጋ ሻጩ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር። በዚያ ላይ ሌቲስ ከታጨችለት ወጣት ቤት መልእክት መጣ፤ ከሃዲ ካለበት ቤት አንጋባም የሚል። ሌቲስ መልእክቱን አነበበች፣ አጠፈችው፣ ሊጥ ማቡካቷን ቀጠለች። ኦስወልድ በየወሩ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ቄስ ጀርቬዝ ሳይከፍቱ ለፖስታ አመላላሹ ይመልሱለታል። ወይዘሮ ዶርካስ በመስኮት እያዩ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያሉ አለቁ። ሳቃቸው ጠፋ፤ ከዚያ ምግብ ጠላቸው፤ ከዚያ ሳል ያዛቸው። በአራተኛው ክረምት ከአልጋ ቀሩ።

ሌቲስ በድብቅ ለወንድሟ ጻፈች፤ “እማማ እየሄደችብን ነው፤ ድረስ!”

ኦስወልድ በዚያ ሰሞን ገና ክህነት መቀበሉ ነበር። የመንገዱን እኩሌታ በሠረገላ፣ እኩሌታውን በበረዶ ውስጥ በእግሩ ተጉዞ ረፋድ ላይ ደረሰ። ቄስ ጀርቬዝ በመስኮት አይተውት በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። የካቶሊክ ካህን ጥቁር ልብሱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

“አንድ ቃል በል። ተሳስቻለሁ በልና ግባ፤ እናትህ እየጠበቀችህ ነው።”

“አባባ፣ ስለ እግዚአብሔር! እናቴን ልያት። ከዚያ እንደ ውሻ ያባሩኝ።”

“አንድ ቃል!”

አንድ ቃል… ያንን ቃል ቢናገር እናቱን ያቅፍ ነበር። ግን ለእናቱ በመጨረሻ ሰዓቷ ውሸት ይዞ ይግባ? ኦስወልድ አንገቱን ደፍቶ ዞረና ከቤቱ ጎን፣ ከመስኮቷ ሥር፣ በረዶው ላይ ተንበረከከ። ሌቲስ እናቷን ደግፋ ወደ መስኮቱ አስጠጋቻቸው። ወይዘሮ ዶርካስ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ልጃቸው ከታች ሆኖ እጁን አንሥቶ ባረካቸው፤ እንባው ጢሙ ላይ በረዶ ሠራ። እናትና ልጅ በዚህ ዓለም ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት ያን ጊዜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዶርካስ ባላቸውን ወደ አልጋው ጠሩና “ጀርቬዝ፣ ሁለት አምላክ ያለ ይመስል ልጄን ከእኔ ለየኸው። አልረግምህም። ብቻ ሂድለት” አሉ። መልስ ሳይሰሙ ዐረፉ። ቄሱ ሚስታቸውን ራሳቸው ጸልየው ቀበሩ፤ ኦስወልድ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሞ አለቀሰ፤ ማንም ግባ አላለውም።

መከራ አንዱ ሲመጣ ጓደኛውን ይጠራል። በዚያ ዘመን አየርላንድ ድንቹ መሬት ውስጥ በስብሶ ሕዝቡ በረሃብ እያለቀ ነበር፤ የቻለ ባሕሩን እየተሻገረ ሊቨርፑል ይራገፋል። በየምድር ቤቱ ሃያና ሠላሳ ሆነው ርጥብ ገለባ ላይ ይተኙ ነበር። በ1847 ተስቦ ገባባቸው። ሐኪሙ የሚሸሸውን ጉድጓድ ካህናቱ ይገቡበት ነበር፤ የሚሞተውን ያናዝዛሉ፣ ያቆርባሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፤ በሽታውን ይዘው ይወጣሉ። ኦስወልድ የተመደበው እዚያ ነበር።

ሰኔ ላይ ለሌቲስ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ኦኖራ ቲየርኒ የምትባል አይሪሽ መበለት ነበረች፤ የካህናቱን ቤት የምትጠብቅ። ሌቲስ ደብዳቤውን ቁርስ ላይ፣ ከአባቷ ፊት ቆማ፣ ሳትፈራ ጮክ ብላ አነበበች። “አባ ኦስወልድ በተስቦ ወድቀዋል። ትኩሳቱ ሲያይልባቸው ‘አባባ፣ ይበርደኛል፣ ልግባ’ ይላሉ። ዘመድ ካለ ይድረስ።”

ቄስ ጀርቬዝ ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ሻንጣ እንኳ ሳይዙ ወጡ።

በማግስቱ ሊቨርፑል ከባቡር ሲወርዱ እኩለ ቀን ነበር፤ ዝናብ ይጥላል። ቤቱን ጠይቀው አገኙት። ሦስት ካህናት ይኖሩበት ነበር፤ ሁለቱ በዚያው ወር ተቀብረዋል። ኦኖራ በሩን ከፈተች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ጎድጉዷል።

“ምን ነበር ጌታዬ? እዚህ በሽታ አለ።”

“አባቱ ነኝ።”

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። “ሁለት ልጆቼን በአንድ ቀን የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው” አለች። “እግዜር ረሳን ብዬ ሳማርር ምን ይሉኝ እንደነበር ያውቃሉ? ‘ኦኖራ፣ የእኔም አባት በሩን ዘግቶብኛል። ግን ከበሩ ጀርባ ቆሞ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ።’”

ቄስ ጀርቬዝ ደረጃውን የወጡት ግድግዳውን እየዳበሱ ነው።

ኦስወልድ አጥንቱ ቀርቷል። ዓይኑን ገልጦ አባቱን ሲያይ ቅዠት መስሎት ነበር፤ እጃቸው ሲነካው ግን አወቀ። “አባባ…” አለ፤ “መጡ?”

“መጣሁ፣ ልጄ። ይቅር በለኝ። ይቅር በለኝ!”

“ቄስ… ቄስ ይጥሩልኝ፣ አባባ።”

“እኔ አለሁልህ። እኔ ቄስ ነኝ፣ ኦስወልድ!”

ልጁ ማስቀየም አልፈለገም፤ እንባው ብቻ በጉንጩ ወረደ። ቄስ ጀርቬዝ ገባቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የሚሞት ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ጸልየዋል፤ ለራሳቸው ልጅ ግን ጸሎታቸው የሚፈልገው አልነበረም! ልጃቸው የሚፈልገው የካቶሊክ ካህን ኑዛዜውን እንዲሰማው፣ እንዲያቆርበው፣ ቅዱስ ቅባት እንዲቀባው ነው። በሕይወታቸው ሙሉ ስሕተት ነው ብለው የሰበኩበትን ነገር… ከዚህ የመረረ ጽዋ ለአባት ቀርቦ ያውቃል?

“ማን ቀርቷል?” ብለው ኦኖራን ጠየቁ።

“አባ ክሪችሊ ብቻ። ወደብ ዳር፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከበሽተኞቹ ጋር ናቸው። እኔ እንዳልሄድ ማን ይይዛቸዋል? ሲያቅበዘብዛቸው ከአልጋ ይወድቃሉ።”

“አንቺ ያዢው። እኔ እሄዳለሁ።”

የስድሳ ሦስት ዓመቱ ሽማግሌ በዝናብ ውስጥ ሮጡ። ባርኔጣቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። መጋዘኑ ውስጥ ሰው እንደ ማገዶ ተደርድሮ ያቃስታል። አባ ክሪችሊ፣ ሰባ የዘለሉ አዛውንት፣ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። በእንግዳው አንገት ላይ ያለውን ነጭ ማሰሪያ አይተው ማንነታቸውን ዐወቁ።

“የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነዎት። ከእኛ ምን ፈለጉ?”

ቄስ ጀርቬዝ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። “አባ” አሉ፤ ይህን ቃል ለካቶሊክ ካህን ተናግረው አያውቁም። “ኦስወልድ ልጄ ነው። እየሞተ ነው። የእኔ ጸሎት አልበቃውም፤ የእርስዎን ይፈልጋል። ይምጡልኝ።”

አባ ክሪችሊ ቅዱስ ቁርባኑን በደረታቸው ይዘው ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ከዳቸው። “ሦስት ቀን አልተኛሁም። ልቤ ፈቃደኛ ነው፤ እግሬ ግን…”

ቄስ ጀርቬዝ ጀርባቸውን ሰጡና አዘሏቸው።

“ኧረ እዩ! ቄስ ቄስን አዝሎ!” ብሎ ሳቀ አንድ ጭነት አውራጅ። “የቱ ነው የሰከረው?”

“ዝም በል፣ አንተ!” አለው ጓደኛው፤ አባ ክሪችሊ ደረታቸው ላይ የያዙትን አይቶ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ። ሳቂውም ቀስ ብሎ አወለቀ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሽማግሌው ሽማግሌውን ተሸክሞ፣ እያለከለከ፣ ጎዳናውን አለፈ።

ደረሱ። ኦስወልድ በሕይወት ነበር። ሲናዘዝ አባቱ ከክፍሉ ወጡ፤ ሲጨርስ ገቡ። የአባ ክሪችሊ እጅ ስለተንቀጠቀጠ ቄስ ጀርቬዝ ከክንዳቸው ደገፏቸው። የልጃቸው ግንባር ተቀባ፤ መዳፉ ተቀባ፤ እግሩ ተቀባ። ላቲኑን ያውቁታል፤ የሚመልስ ሌላ ሰው ስላልነበረ “አሜን” እያሉ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ኦስወልድ ድምፃቸውን ሲሰማ ፊቱ በራ። ከቆረበ በኋላ ወደ አባቱ ዘወር አለ።

“አባባ… እግርዎ ረጥቧል። ጫማዎን ያድርቁ፤ ይታመማሉ።”

ሌላ ቃል አልተናገረም። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ ራሱን አባቱ ክንድ ላይ እንዳሳረፈ፣ ነፍሱ ወጣች። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ኦኖራ እንደ አገሯ ልማድ ሙሾ ጀመረች፤ መስኮቱ ሥር ተሰብስበው የነበሩት ድኾች ተቀበሏት፤ የስካርዴሉ ቄስም፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ፣ ከእነሱ ጋር አለቀሱ።

በማግስቱ አባ ክሪችሊ ፍትሐት አድርሰው ቀበሩት። በዘጠነኛው ቀን እሳቸውም በተስቦ ሞቱ። ቄስ ጀርቬዝ ግን አልሞቱም። ሞትን ስንት ጊዜ ለመኑት! ከኦኖራ ጋር ሆነው ውሃ ሲቀዱ፣ በሽተኛ ሲያገላብጡ ከረሙ። በኋላ ጳጳሳቸው በካቶሊክ ሥርዓት ላይ ስለ መተባበራቸው በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ ሲጠይቋቸው፣ ሹመታቸውን ለቀው ሌቲስን ይዘው እዚያው ሊቨርፑል ተቀመጡ። አባትና ልጅ የአይሪሾቹን ወላጅ አልባ ልጆች ፊደል ሲያስተምሩ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ቄስ ጀርቬዝ ሃይማኖታቸውን አልለወጡም። እሑድ ጠዋት ወደ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወጥተው ልጃቸው ይቀድስበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዴ ኦኖራ “ለምን ጠቅልለው ወደ እኛ አይገቡም?” አለቻቸው። “አላውቅም፣ ልጄ” አሏት። “የማላውቀውን አውቃለሁ ስል አንድ ልጅ ነበረኝ፤ በዚያው አጣሁት።”

ውድ አንባቢ፣ ዕጣ ፈንታ ለዚህ አባት ምን አድልታ፣ ምን ነሣች? አንድ ከሰዓት ሰጠችው፤ አራት ዓመት ወሰደችበት። ያቺ አንዲት ከሰዓትም ባትሰጠው ማን ይከሳት ነበር? ስንቱ አባት ያችን እንኳ ሳያገኝ ተቀብሯል! ዛሬ ያኮረፍነው፣ ስሙን አታንሱብኝ ያልነው ሰው አለን? የቀረን መንገድ ረጅም መስሎን ይሆናል… ቀኑ ግን አጭር ነው፤ ተስቦም ማንንም አይጠብቅም።