ሬዲዮ የዘለለቻቸው ቀለበቶች

ልጅቷ የኪሮሽ ጨርቁን ልትተረትረው ጫፉን ይዛለች። ጠፍጣፋ እንዲሆን የታሰበው ጨርቅ መሀሉ እንደ ሾርባ ሳህን ጎድጉዷል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለች ሹራብ እየሠራች የምታሳድጋት እናቷ።

«ሬዲዮ ናታ!»

ሬዲዮ የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ወሬ ስለማታቆም ነው ስሙ የወጣላት። ጨርቁን ለሳይንስ ኤግዚቢሽን አብረው ሲሠሩ፣ በወሬ መሀል በየመስመሩ የክር ቀለበት ትዘል ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን «አሞኛል» ብላ ቀረች፤ በማግስቱ ከሌሎች ልጆች ጋር ስትስቅ ታየች፤ ወደ ልጅቷ ግን ዝር አላለችም። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በእረፍት ሰዓት የምትሄድበት ጠፍቷት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ትቆማለች። ሆድ ይብሳታል፤ ለማን ትንገር?

የፊዚክስ መምህራቸው «አንዳንድ ተመራማሪዎች ስበት ሕዋ ከተያያዘበት መንገድ የሚወለድ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብለው ይጠረጥራሉ» ብለዋቸው ነበር። «የመያያዙ ጥናት ቶፖሎጂ ይባላል።» ሁለቱ ጓደኛሞች ቀለበቶቹን ሕዋ አድርገው መሀል ላይ ከባድ ኳስ አስቀምጠው ስበትን ሊያሳዩ ነበር ሐሳባቸው።

እናቷ ጨርቁን ተቀብላ ዳሰሰችው። «ቀለበት ሲቀነስ ይኮማተራላ! ኮፍያ የምሠራው እንዲህ አይደል እንዴ?»

ልጅቷ መተርተሩን ተወችው። ሁለት ቀይ ክሮች በጎድጓዳው ግራና ቀኝ ሰካች፤ እያንዳንዱ ቀለበት በቀለበት፣ የራሱን መስመር ሳይለቅ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሲነሱ በስንዝር ይራራቁ የነበሩት ክሮች መጨረሻቸው ላይ ሊነካኩ ደረሱ። ኳስ የለም፣ የሚጎትታቸውም የለም። ያቀራረባቸው ቀለበቶቹ የተያያዙበት መንገድ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ተሳካ እኮ!» ብላ ለሬዲዮ ልትደውል ስልኳን አነሳች። ወዲያው ሬዲዮ እንደራቀቻት ትዝ ሲላት መልሳ አስቀመጠችው።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ሬዲዮ ከአዲሶቹ ጓደኞቿ ጋር ከአዳራሹ ማዶ ቆማ ነበር። ቀና ብላም አላየቻት። መምህሩ ክሮቹን በጣታቸው ተከተሉና ፈገግ አሉ።

«ያለ ኳስ! ጎበዝ። ብቻሽን ነው የሠራሽው? ከሆነ ለትልቁ ውድድር አሁኑኑ ልመዝግብሽ። ሁለት ከሆናችሁ ግን ሁለታችሁም እዚህ ቆማችሁ ማስረዳት አለባችሁ።»

«ብቻዬን» ብትል የሚከራከራት አልነበረም። ንዴቷም ገና አልበረደም፤ ሬዲዮ «አልመጣም» ብትላት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይውጣታል? ሬዲዮ የዘለለቻቸው ቀለበቶች የፈጠሩትን ጎድጓዳ በአውራ ጣቷ ነካችው።

«ሁለት ነን» አለች። «ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ጨርቁን አነሳችና ወደ አዳራሹ ማዶ መራመድ ጀመረች።