ተኝቶ አስፈጀን የተባለው ዘብ

ሶረቲ ሸራውን የገፈፈችው ተናዳ ነው። እሷ ክፍቱን የተወችውን የቡና ማድረቂያ አልጋ ማን እንደሸፈነባት አላወቀችም፤ ያዘጋጀችው ስድቡን ብቻ ነበር። ገመዱን አንዴ ስትስበው ተፈታ። ሸራው እስከ መሬት ተንጠልጥሎ ነበርና ሲነሳ ከአልጋው ሥር አንድ ጫማ ታየ። ጫማው ባዶ አልነበረም። እግሩን ይዛ ስትጎትት የቡና ጣቢያው ጥበቃ ወንድወሰን ወጣ፤ የራስ ቅሉ ከኋላ እንደ ዱባ ተፈርክሷል።

ስድቡን ዋጠችና ሁለት እጇን ቁስሉ ላይ ጫነች። የሞተን ሰው ደም ማቆም ትርፉ መጨማለቅ ነው፤ እሷ ግን ጫነች። ከጁምዓ ሶላት የተመለሱት ሠራተኞች ያገኟት እስከ ክርኗ ቀልታ ነው።

«ገደለችው!» አለ አንዱ። ሁለተኛ ምስክር የጠየቀ የለም።

እንዲህ ቶሎ ያመኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድሟ ፈየራ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የወንድወሰን የጦር ጓደኛ ነበር። ካምፓቸው ሳይታሰብ ጎህ ሲቀድ ተመትቶ፣ አብዛኛው ወታደር ከነብርድ ልብሱ ሲያልቅ፣ ኮረብታው ላይ ዘብ የቆመው ፈየራ ነበር። ከሞት የተረፈው ወንድወሰን ጅማ ተመልሶ «ተኝቶ አስፈጀን» አለ። ወሬው የነሶረቲ እናት ወደሚኖሩበት ደዶ ደረሰ። በልጃቸው በፈየራ ሞት ሊያጽናናቸው የመጣ ጎረቤት ከግማሽ መንገድ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሶረቲና ወንድወሰን አንድ ጣቢያ እየዋሉ ሰላም ተባብለው አያውቁም።

ኢንስፔክተር ፋንቱ ስትጠራ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ጉርሻዋን ጠቅልላ ነበር።

«በምሳ ሰዓት ሰው የሚገድል አሳዳጊ የበደለው ነው» አለች ለኮንስታብል ኡመይር፤ ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች መኪና ውስጥ ገባች።

ጣቢያው ከጅማ ወጣ ብሎ በአጋሮ መንገድ ላይ ነው። ሶረቲ በሩ ምሰሶ ላይ ታስራ ነበር። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ የፊት ጥርሷ የለም። ዱላና ድንጋይ የያዘው ሰው ከቧታል።

«ጥርሷን ያወለቀው ማን ነው?» አለች ፋንቱ።

አንዱ ዱላውን ከጀርባው ደበቀ።

«ጀግና! አሁን ደግሞ ንጹሕ ሆና ብትገኝ መልሶ የሚተክለው ማን እንደሆነ ተማከሩና ንገሩኝ።»

የጣቢያው ባለቤት ሐጂ ሙርሺድ ወደ ጎን ሳቧት። «ልጄ፣ በአላህ ይዘሻት ሂጂ። ይሄን ሕዝብ ከዚህ በላይ አልይዘውም።»

«ሐጂ፣ አሁን ባወጣት መንገድ ላይ ከነመኪናው ያቃጥሏታል። መኪናው ደግሞ በእኔ ፊርማ የወጣ ነው። ሁላችሁም መስጊድ ሳላችሁ እዚህ ማን ነበር?»

«ሶረቲ፣ መልቀሚያ ቤት ውስጥ። ደግሞ ሁለት እንግዶች፣ የወንድወሰን የጦር ጓደኞች፤ ዳግማዊና መምህር ሊዮል። ካምፑ የተመታበትን ቀን በየዓመቱ እዚህ ይዘክራሉ።»

«ሟቹ ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

ሐጂ አሰቡ። «አንድ የሰሜን ሰው፣ የሲኖትራክ ሾፌር፣ ቡና ሊጭን መጥቶ ነበር። ወልደሰማያት ይባላል። ሲያወሩ ቆዩና ወንድወሰን ሲያለቅስ አየሁት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ‹ሐጂ፣ ዛሬ የሞተ ሰው ይቅርታ እጠይቃለሁ› አለኝ።»

«የሾፌሩ ስልክ አለዎት?»

«የጫኝ ስልክ የሌለው ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ፋንቱ ሶረቲን አስፈትታ በአልጋዎቹ መካከል ይዛት ሄደች። ሕዝቡ አጉረመረመ። በአንድ በኩል እንጨት በተጫነበት ሸራ የተሸፈኑ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል ቀይና ጥቁር የቡና ፍሬ እንደ ተሰጣ ፀሐይ ላይ ይቁላላል። ወንድወሰን የወደቀበት አልጋ ከዚህኛው ረድፍ ነው። መሬቱ ላይ ደሙ ረግቷል፤ ዝንብም ሰፍሮበታል።

«ትጠይው ነበር?»

«አዎ። ሞቶም እጠላዋለሁ።»

«ታዲያ ደሙን ለማቆም ምን አገባሽ?»

«እኔ እንጃ። እጄን ጠይቂው።»

ፋንቱ መሬት ላይ የወደቀውን ሸራ አነሳች፤ በአልጋው እግሮች ላይ የቀረውን ገመድ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልጋ ዞረች። «ፀሐዩ ከሯል። ይቺን ልሸፍናት?»

«እብድ ነሽ እንዴ?» ሶረቲ ደም በሞላው አፏ ጮኸች። ወዲያው ከማን ጋር እንደምታወራ ትዝ አላትና «ይቅርታ። ግን አትንኪው!» አለች።

«እሺ፣ አልነካሁም።»

ዳግማዊ ባጃጁ ላይ ተቀምጦ ሰው ሠራሽ እግሩን ያሻሻል። የመንደራ ቆጪ ልጅ ነው፤ እግሩን ያጣው በዚያ ጎህ ነው። ጠዋት ከወንድወሰን ጋር ሲጯጯህ ጣቢያው ሁሉ ሰምቶታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ዘንድሮ ለፈየራም ሻማ እናብራ አለኛ! ለዚያ እንቅልፋም! እግሬን የበላው የሱ እንቅልፍ ነው አልኩት። ‹ዝም በል፣ ምሳ ላይ እነግራችኋለሁ› አለኝ። ይኸው፣ ሳይነግረን ተገላገለ።»

«ያን ቀን ምን ሆነ?»

«የድንኳኑን ገመድ በጠሱት። ሸራው ላያችን ላይ ወደቀ። እኛ ሥሩ እንደ ዓሣ ስንፈራገጥ እነሱ ከላይ በጥይት ወቁን። አጠገቤ የተኛው ልጅ አንጎል አፌ ውስጥ ገባ፤ ኢንስፔክተር፣ ጣዕሙን አውቀዋለሁ። ቀን ላይ ሻይ ይሸጡልን የነበሩ ሰዎች ናቸው መንገድ የመሯቸው።»

«በጁምዓ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ባጃጄ ሥር። ጎማ ፈንድቶብኝ።»

«ማን አየህ?»

«ጎማው።»

ሳቋን እየዋጠች ወደ አልጋዎቹ ወሰደችው፤ ያንኑ አልጋ አሳየችው። «ይቺን ልሸፍናት?»

«ኧረ አቦ ተያት! በልጅነቴ አጎቴ በዚህ ነገር ጀርባዬ ላይ ዱላ ሰብሯል።»

መምህር ሊዮል ከመኪናው ወርዶ እጁን ዘረጋ። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራል፤ የመጣውም ከደጋ አገር ነው። ሸሚዙ ከካርቶን አሁን የወጣ ይመስል እጥፋቱ አልለቀቀም።

«ካምፑ ውስጥ እርስዎ ምን ነበሩ?»

«የሬድዮ ሠራተኛ። ያን ሌሊትም ተረኛው እኔ ነበርኩ።» አንገቱን ደፋ። «ምንም ጥሪ አልመጣም። ፈየራ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ካምፑን በሙሉ እቀሰቅስ ነበር። ለወንድወሰንም ያኔውኑ የነገርኩት ይህንኑ ነው።»

«በጁምዓ ሰዓትስ?»

«መኪናዬ ውስጥ የተማሪ ፈተና አርም ነበር።»

አብራው እየተራመደች ያቺው አልጋ ጋ ስትደርስ በእጇ አራገበች። «ወይ ፀሐይ! መምህር፣ ይቺ ተረስታ ነው መሰለኝ። ልሸፍናት?»

«እውነትዎን ነው፤ ሌሎቹ ተሸፍነው የለ?» አለና አገዛት። ሸራውን በወግ ዘረጋ፤ ጥጎቹን በአልጋው እግሮች ላይ በገመድ ቋጠረ። ፋንቱ የገመዱን ጫፍ ሳብ አደረገችው፤ በአንድ ስበት ተፈታ።

«ቆንጆ ቋጠሮ ነው።»

«የካምፕ ልማድ ነው» አለ ፈገግ ብሎ።

ፋንቱ ለኡመይር በጆሮው አንድ ነገር ነገረችውና ስልኳን ይዛ ከውኃ ገንዳው ጀርባ ሄደች። ከወልደሰማያት ጋር ብዙ አወራች፤ ማለትም ብዙ ሰማች። ስትመለስ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት መስሏል።

ሁሉንም አልጋዎቹ መካከል ሰበሰበቻቸው። ትዕግሥቱ ያለቀ አንዱ ሶረቲ ላይ ድንጋይ ወረወረ፤ ፋንቱ በክንዷ መከተችው። ክንዷ ደማ።

«ቀጣዩን የሚወረውር ከኔ ጋር ያድራል፤ እኔ ደግሞ አንኮራፋለሁ» አለች። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። «አሁን እናንተ አስተምሩኝ። ጁምዓ ከመሄዳችሁ በፊት ያኛውን ረድፍ ለምን ሸፈናችሁት?»

«የታጠበ ቡና ነዋ!» አሉ ከኋላ። «የቀትር ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።»

«ይሄኛውንስ?»

«ጀንፈል ነው! ከነገለባው የሚደርቅ። ፀሐዩን ካልጠጣ፣ ከታፈነ ይሻግታል።»

«ሟቹ የተገኘው የቱ ሥር ነው?»

ሁሉም ወደ ጀንፈሉ ዞሩ። ሐጂ ሙርሺድ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ ቀስ ብለው።

«ገዳዩ ከኋላ ጭንቅላቱን መታው፤ ወደቀ፤ ደገመው። ሬሳውን አልጋው ሥር ከተተና ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ማዶ ያሉት ተሸፍነዋል። ይሄም ቢሸፈን ማን ልብ ይላል ብሎ ሸፈነው። ሶረቲ ብትሆን ወደታጠበው ቡና ሥር ትጎትተው ነበር፤ የተሸፈነ ነው፣ ፀሐይ እስክትበርድ ማንም አይገልጠውም። ጀንፈል በቀትር መሸፈን ግን ‹ኑና እዩ› ማለት ነው። ይኸው፣ ራሷ ሶረቲ ተናዳ ገለጠችው። የገደለ ሰው የደበቀውን ራሱ ገልጦ ደሙን ላቁም አይልም። ሐጂ መስጊድ ነበሩ። ዳግማዊ በዚህ ነገር ዱላ ቀምሷል። ጀንፈልን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እናንተ ሸራ የምትይዙት እንጨት ጭናችሁ ነው፤ የዛሬው በካምፕ ቋጠሮ ታስሯል። መምህር ቅድም እፊቴ ያንኑ ቋጠሩልኝ።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ሊዮል። «እኔ ጓደኛዬን ምን ብዬ እገድላለሁ?»

«ወልደሰማያት ከመቺዎቹ አንዱ ነበር። አለቆቹ የካምፑን መሣሪያ ግምጃ ቤት፣ ተጨማሪ ጦር ሳይደርስ፣ መያዝ ፈለጉ። ፊት ለፊት ቢገጥሙ አይችሉም፤ ስለዚህ የተኛ ካምፕ አስፈለጋቸው። ‹ሬድዮውን የያዘው ሰው የእኛ ነው› ተባሉ። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ግን ዘቡ ነቅቶ ነበር። ‹ሊዮል መልስ! መጡ! ሊዮል!› እያለ በሬድዮ ሲጮህ ሰምተውታል። እስኪገድሉት ድረስ ጮኸ። ይህን ነው ለወንድወሰን የነገረው።»

ሶረቲ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ኡመይር ከሊዮል መኪና ኋላ ያገኘውን ይዞ መጣ፤ ደም የነካው ሸሚዝና በውስጡ የተጠቀለለ ፌሮ። ሊዮል ብረቱን ነጥቆ ኡመይርን ትከሻውን ሰበረውና ወደ በሩ ሮጠ። ዳግማዊ መንገዱ ላይ ቆመ። ሊዮል እግሩን በፌሮው ወቃው፤ ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ፤ ዳግማዊ ግን የሚያመው እግር አልነበረውም። አንገቱን ይዞ ጣለው፤ ላዩ ላይ ወጥቶ ፊቱን በቡጢ ደቀደቀው። ፋንቱ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ዳግማዊ ሁለት ጊዜ ከጨመረለት በኋላ ሰማ።

«ደም አይፈስም ብለው ማሉልኝ!» አለ ሊዮል ደም እየተፋ። «እናቴ እነሱ በያዙት ከተማ ውስጥ ነበረች። መሣሪያውን ወስደው ይሄዳሉ አሉኝ...»

«እናትዎስ?» አለች ፋንቱ።

«በዚያው ሳምንት ከተማው በከባድ መሣሪያ ሲደበደብ ሞተች።»

«ወንድወሰንስ ምን አደረገህ?» ዳግማዊ ጮኸ።

«አንተው ራስህ ለሶረቲ ንገራት አለኝ። እስከ ምሳ ጊዜ ሰጠኝ።»

ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ተነቃነቀ። ያ ሁሉ ዱላ ወደ ሊዮል ዞረ። ሊዮል ፊት ዘላ የቆመችው ግን ሶረቲ ናት።

«እንዳትነኩት! አፉ ያስፈልገኛል።»

ስልኳን አውጥታ ደዶ ደወለች፤ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው። እናቷ «ሶረቲ?» ሲሉ ተሰማ። ሶረቲ በደም የደረቀ እጇን ዘርግታ ስልኩን ሊዮል አፍ ላይ ደቀነች።

«እናቴ አማርኛ አይገባትም። ተከተለኝ። ፈየራን ሂን ራፍኔ፤ ፈየራ አልተኛም በል።»

ሊዮል ፋንቱን አየ፤ ፋንቱ አላዳነችውም። «ፈየራን... ሂን ራፍኔ» አለ።

ከዚያ አሮጊቷ ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። የሰሙት ሠራተኞች አንገታቸውን ደፉ፤ ድንጋይ የያዘ ድንጋዩን ጣለ።

«ካልተኛ ለምን አልጠራችሁም? ትላለች» አለች ሶረቲ።

ሊዮል ፊቱን ከስልኩ አዞረ።

«መልስላት! እየጠበቀች ነው።»

«ጠርቶኝ ነበር» አለ።

ሶረቲ ስልኩን ወደ ራሷ አፍ መለሰችና ቃሉን ለእናቷ በኦሮምኛ ተረጎመችላቸው። «ዋሜራ፣ ሃርሜ» አለች። «ዋሜራ።»